ከመቶው ሁለቱ

ከትናንት ምሽት እስከ ዛሬ ጠዋት ዘጠና ስምንት ሰዎች ጠፉ።

ፖስተኛው የለም። ቁልፍ ቀራጩ የለም። የአውቶቡስ ሹፌሯ ከነመሪዋ ተሰውራለች። ጸጉር አስተካካዩም መቀሱን እንደያዘ የገባበት አልታወቀም።

ፎቶ አንሺው ኮምፒውተሩ ፊት ክው ብሎ ቀረ። ዓመቱን ሙሉ የሰፈሩን ሠራተኞች በየሥራቸው ላይ ሲያነሳ ከርሟል። መቶ ሰው፣ መቶ ፎቶ። ነገ በሕይወቱ የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ይከፈታል። ማተሚያ ቤቱ ፎቶዎቹን እስከ ስድስት ሰዓት ካላገኘ ግን ነገ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ባዶ ፍሬም ነው።

አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፎልደሩ ውስጥ የቀሩት ሁለት ፎቶዎች ብቻ ናቸው።

ለታላቅ እህቱ ደወለ። እህቱ የፖሊስ መርማሪ ናት። የዓመት እረፍት ላይ ነበረች፤ ግን ታላቅ እህት ምን እረፍት አላት?

«ማሙሽ፣ አታልቅስ» አለች ገና በሩ ላይ ሆና። ማሙሽ አርባ አንድ ዓመቱ ነው።

«ማን አለቀሰ? ተዘረፍኩ እንጂ!»

ቁልፉን አየች። ደህና ነው። መስኮቱም ደህና ነው። ካሜራዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው።

«ካሜራ ትቶ ፎቶ የሚሰርቅ ሌባ ገና ዛሬ አየሁ። ባክአፕ የለህም?»

«ኢንተርኔት ላይ፣ ክላውድ ውስጥ አለኝ! ፎልደሩ ከክላውዱ ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ የማስገባው ሁሉ በራሱ እዚያ ይገባል።»

«እዚያስ አየህ?»

«እዚያም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።»

«ዲስክ ላይ የገለበጥከው የለም?»

ዲስክ እገዛለሁ ማለት ከጀመረ ስምንት ወሩ ነው።

«እሺ። ማንን ትጠረጥራለህ?»

«ማዶ ያለውን ፎቶ ቤት! ‹ጫማ ሰፊ ግድግዳ ላይ ብትሰቅል ማን ሊያይልህ ነው?› ብሎ ስቆብኛል።»

«ምቀኛ ቢሆን መቶውንም ያጠፋ ነበር። ምቀኛ ለሁለት ሰው አይራራም። የቀሩትን አሳየኝ።»

አንደኛዋ እናታቸው ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው። ሁለተኛው ከስቱዲዮው በር አጠገብ የሚሠሩት ሰዓት ጠጋኙ ናቸው፤ ማጉያ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው።

ፎቶ አንሺው ብድግ አለ። «አገኘሁት! ሰዓት ጠጋኙ ናቸው! የራሳቸውን ትተው የሌላውን ሁሉ አጠፉት!»

«በል ተቀመጥ። ሰው በስሜት አይታሰርም።»

መርማሪዋ ወጣች። ሰዓት ጠጋኙ የአንዲት ትንሽ ሰዓት ሆድ ከፍተው ብሎን በመቆንጠጫ ይዘዋል። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ከሰዓት ጋር ካልሆነ ብዙም አያወሩም።

«ጋሼ፣ ትናንት ስንት ሰዓት ላይ ነው የሄዱት?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የኔ ልጅ፣ ሥራዬ ምን መሰለሽ?»

«የማሙሽን ኮምፒውተር ነክተው ያውቃሉ?»

«ውስጡ የሚዞር ጥርስ የሌለው ዕቃ እኔ አይገባኝም።»

«ስልክዎን ያሳዩኝ።»

በላስቲክ የታሰረ ባለ ቁልፍ ስልክ አወጡ። በዚህ ስልክ እንኳን ክላውድ ውስጥ መግባት ይቅርና ለሰው መልሶ መደወልም ትግል ነው።

«ከመቶው ፎቶ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ጋሼ። የእርስዎና የእናታችን።»

ብሎኗ ከመቆንጠጫው ላይ ወደቀች።

«የእኔና... የማን አልሽኝ?»

«የእናታችን።»

ብሎኗ ተንከባልላ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ሰዓት ጠጋኙ ጎንበስ ብለው አልፈለጓትም። መርማሪዋ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ለምን እንደጻፈችው ገና አላወቀችም።

ተመልሳ ገባች። «አካውንትህን ክፈት። በየትኞቹ ዕቃዎች ላይ እንደተከፈተ ይጽፋል።»

ከፈተው። አንዱ ይኸው ኮምፒውተር ነው። ሌላው ስልክ ነው፤ ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲሠራ ነበር።

«ይሄ ስልክ የማን ነው?»

«እሱማ የድሮ ስልኬ ነው። አዲስ ስገዛ ሰጥቼው...»

«ለማን?»

«አካውንቴን ሳላወጣ... ለእማዬ።»

ራሱ ነካሽ፣ ራሱ ከሳሽ ማለት ይሄ ነው።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ እናታቸው ቤት ደረሱ። እናት ሁለቱም ልጆቻቸው በሥራ ቀን አብረው ሲመጡ ደስ ብሏቸው ወንበር ማቅረብ ጀመሩ።

«እማዬ፣ ከስልክሽ ላይ ፎቶ አጥፍተሻል?»

«አዎ» አሉ። መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ሁሉ እንዲህ ያለ ፈጣን የእምነት ቃል አልገጠማትም።

«ለምን?»

«ያንቺ ልጅ ትናንት ብስክሌት መንዳት ቻለች! ልቀርጻት ስል ስልኩ ‹ቦታ የለም› አለኝ። ብከፍተው የማላውቃቸው ሰዎች ሞልተውበታል። አንዱማ መቀስ ይዞ ያፈጥብኛል! ማን አስገባችሁ ብዬ አንድ በአንድ አሰናበትኳቸው።»

«እማዬ፣ የእኔ ኤግዚቢሽን እኮ ነው!»

እናት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ውይ በሞትኩት! ከዚህች ስልክ ላይ ብቻ የሚጠፉ መስሎኝ!»

«አይደለም፣ እማዬ። የተያያዘ ነው፤ እዚህ ስታጠፊው እዚያም ይጠፋል።» መርማሪዋ ስልኩን ተቀበለች። «ግን ክላውዱ የተሰረዘውን ቶሎ አይጥልም። ሠላሳ ቀን የሚያቆይበት ቅርጫት አለው። አይተኸዋል፣ ማሙሽ?»

«እኔ... የኮምፒውተሩን ቅርጫት ነው ያየሁት።»

የክላውዱን ከፈተችው። ፖስተኛው አለ። ቁልፍ ቀራጩ አለ። ሹፌሯ ከነመሪዋ፣ ጸጉር አስተካካዩ ከነመቀሱ። ዘጠና ስምንቱም አሉ። «መልስ» የሚለውን ስትነካው ፎቶ አንሺው እናቱን አንስቶ አዞራቸው።

«አውርደኝ፣ አንተ ልጅ!» እናት ይስቃሉ።

«አሁን አካውንቴን ከስልክሽ ላይ ላውጣው። ሁለተኛ እንዳይደገም።»

«ቆይ!» እናት ስልኩን ነጠቁት። «ስታወጣው... ሁሉም ፎቶ ከዚህ ይሄዳል?»

«የእኔ ሁሉ ይሄዳል።»

እናት ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። መርማሪዋ ማስታወሻዋን ገለጠች። ስለ ወደቀችው ብሎን የጻፈችውን አነበበች።

«እማዬ፣ የማላውቃቸውን ነው ያጠፋሁት አልሽ። ፖስተኛው ሃያ ዓመት ደብዳቤ አምጥቶልሻል። ጸጉር አስተካካዩ የግድግዳ ጎረቤትሽ ነው። ሁለቱንም አጠፋሽ። ሰዓት ጠጋኙን ለምን ተውሻቸው?»

እናት ያልተዛነፈ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ።

«አንድ ሰው» አሉ በመጨረሻ፣ «ምን ያህል ቦታ ይይዛል ብዬ ነው።»

ፎቶ አንሺው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ከዚያ እናቱን አየ።

«ለካ ይሄ ሰዓት በዓመት ስድስት ጊዜ የሚበላሸው ለዚህ ነው!»

ሦስቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አባታቸው ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗል። መርማሪዋ እናቷ እንዲህ ሲቀሉ ያየችው ከዚያ ወዲህ ገና ዛሬ ነው።

ፎቶዎቹ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ማተሚያ ቤት ደረሱ። ፎቶ አንሺው በዚያው ዲስክ ገዛ። የሰዓት ጠጋኙን ፎቶ ደግሞ በትንሽ ወረቀት አሳትሞ ለእናቱ ሰጠ፤ ይሄኛው በማንም ጣት አይሰረዝም።

በማግስቱ መቶው ሰዎች አዳራሹን ሞልተው ተሰቀሉ፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን ሊያዩ መጡ። ሰዓት ጠጋኙ ግን የራሳቸውን ፎቶ አላዩም፤ አጠገቡ የተሰቀለውን የስፌት መኪናዋን ፎቶ ሲያዩ ዋሉ። እናትም ቦርሳቸውን እንዳቀፉ አጠገባቸው ቆመው ነበር።

ጥበቃው መብራቱን ማጥፋት ጀመረ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ እናት።

ሰዓት ጠጋኙ የእጅ ሰዓታቸውን አላዩም።

«ገና ነው» አሉ።