የወንድሜን ሞት የደበቀኝ ሰው

ወንድሜን ሞላልኝን በአይኔ ካየሁት ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። እኔ ሳዑዲ፣ አል-ሙወሰም ከተማ ሰው ቤት እሠራለሁ። እሱ ሀሩብ ተራራ ላይ ፍየል ይጠብቃል። ሁለታችንም የገባነው በየመን በኩል ነው፤ ወረቀት የለንም። አንድ አገር ተቀምጠን፣ ፍተሻ እየፈራን፣ በስልክ ብቻ ነበር የምንገናኘው። በመጨረሻው ሁለት ወር ደግሞ ድምፁም ጠፋ። «ደውልልኝ» ስለው «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይጽፍልኛል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን «ዛሬ እመጣለሁ፤ ሱቁ ጀርባ እጠብቅሻለሁ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። አሠሪዬ ማዳም ዳቦ ግዢ ብላ ስትልከኝ ወደ ሱቁ ጀርባ በሩጫ ሄድኩ።

የጠበቀኝ ሞላልኝ አልነበረም። ረጅም፣ ከንፈሩ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ ወጣት ነው። በእጁ የወንድሜን ስልክ ይዟል።

«አበቡ ነሽ?»

«ነኝ። አንተስ?»

«ሙስጠፋ እባላለሁ። የሞላልኝ ጓደኛ ነኝ፤ አብረን ነው የምንሠራው።»

«እሱስ? የት ቀረ?»

መሬት መሬት አየ።

«ሙስጠፋ! ወንድሜ የት አለ?»

«እግዜር ወስዶታል፣ እህቴ...»

ሳቄ መጣ። «ምን ትላለህ? ዛሬ ጠዋት ጽፎልኛል! ባለፈው ሳምንት እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ ብሎኛል!»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሞላልኝ ካረፈ ሁለት ወሩ ነው።»

በጥፊ መታሁት። አልሸሸም። ሁለተኛውንም ቆሞ ተቀበለ።

«ሁለት ወር ሙሉ ከሞተ ሰው ጋር አስወራኸኝ! እኔ ስበላ፣ ስስቅ...»

«ትኩሳቱ ሲበረታበት አደራ አለኝ። "እህቴ ሰው ቤት ብቻዋን ናት፤ ሄደህ፣ አጠገቧ ሆነህ ንገራት" አለኝ። መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ሆነብኝ። ለዛሬ ብቻ ብዬ ጻፍኩልሽ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ...»

«ከፊቴ ጥፋ!»

ስልኩን እግሬ ሥር አስቀምጦ ወደ ኋላ ራቅ አለ። ግን አልሄደም።

ስልኩን አንስቼ ቤት ስገባ ማዳም እንግዶች ሊመጡባት ተጣድፋለች።

«ወንድሜ ሞቷል» አልኳት።

«አላህ ይርሐሙ» አለችኝ። እውነትም አዘነች። ወዲያው ግን ሰዓቷን አየች። «በይ ሥራሽን ጨርሺና ታለቅሻለሽ። ያላ!»

ሽርጤን ፈትቼ ወንበር ላይ አኖርኩት።

«ሦስት ቀን ተቀምጬ አለቅሳለሁ። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ሥራ ይቆማል።»

«ከወጣሽ አትመለሺም!»

«አልመለስም። ደግሞ ስሜ ኸዲጃ አይደለም። አበቡ ነው!»

ያን ስም ያወጣሁት ለእንጀራዬ ብዬ ነበር። ማተቤንም በጨርቅ ጠቅልዬ ፍራሼ ውስጥ ሸሽጌው ኖሬያለሁ። ያን ቀን አውጥቼ አንገቴ ላይ አሰርኩትና በትልቁ በር ወጣሁ።

የሄድኩት ነጃት ጋ ነው። የወሎ፣ የወረባቦ ልጅ ናት፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ነገሩን ስትሰማ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ጮህኩ። ሌሎቹ ደነገጡ።

«አበቡ፣ ድምፅሽን ቀንሺ! ጎረቤት ይሰማል። የጀዋዛት ፖሊስ ይመጣል፤ ወረቀት የለንም።»

«ይምጣ! ወንድሜ በድብቅ ኖሮ በድብቅ ሞተ። ለቅሶውንም ልደብቀው?»

ነጃት በሩን ዘጋችና አጠገቤ ተቀመጠች። «አልቅሺ» አለችኝ። «የመጣው ይምጣ።» ከእኔ እኩል ጮኸች።

ሲደክመኝ «ፀልዪለት» አለችኝ።

«አልፀልይም። ዛሬ ከፈጣሪም ጋር ተጣልቻለሁ።»

በማግስቱ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሙስጠፋን ግንቡ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ወንዶች ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት አቀርቅሮ ነበር። የጠዋቱ ፀሐይ አናቱን ይመታዋል።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ትናንት ተከትዬሽ መጣሁ። ለቅሶ ላይ ነኝ። ወንድሜ ነበር።»

ልጮህበት ፈለግኩ። ግን ሌሊቱን ሁሉ ያስጨነቀኝ ጥያቄ ቀደመኝ።

«ሲቀበር... ማን ፀለየለት?»

«እኔ።»

«አንተ ምን ብለህ?»

«የራሴን ብቻ ማለት ከበደኝ። ክርስቲያን ነውና የራሱን ልበልለት አልኩ። ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን ልጆች አባታችን ሆይ ሲያጠኑ እሰማ ነበር። "የዕለት እንጀራችንን" እስከሚለው አውቃለሁ። እዚያ ስደርስ ጠፋኝ። አልቀጠልኩም... ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ፋቲሃ ቀራሁለት። ቁርቁራ ዛፍ ሥር ነው ያረፈው፤ ጥላ አለው።»

«ሐኪም ቤትስ? ለምን አልወሰዳችሁትም?»

«በጀርባዬ አዝዬው ወረድኩ። "ጀዋዛት ቢይዝህስ?" ሲለኝ "ይያዘኝ" አልኩት። መንገድ ላይ ትንፋሹ ቆመ። ሳላውቅ ብዙ ተሸክሜው ሄጃለሁ፣ አበቡ... እያወራሁለት።»

 ግንቡ ሥር፣ ከእሱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩና ጸሎቱን ከቆመበት ቀጠልኩ። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ...» እስከ አሜን አደረስኩት። ሙስጠፋ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሴቶቹ መከሩኝ። «ለእናትሽ እስር ቤት ነው በያት። ሩቅ አገር ሆነሽ እንዴት መርዶ ትነግሪያለሽ?»

ሙስጠፋ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እኔም ለጊዜው ቢቆይ እላለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተማ ትላለህ!» አልኩት። «ለእሷም ልትጽፍላት ነው? እናቴ ልጇን የማልቀስ መብት አላት። ማንም አይነጥቃትም!»

ተሸማቀቀ። ግን ቀና ብሎ አየኝ።

«ልክ ነሽ። አባቴ ሐርቡ ነው ያሉት፤ ከእናትሽ አገር ቅርብ ነው። ለእሳቸው ልደውል። በማለዳ ሽማግሌ ይዘው እናትሽ ቤት ይሂዱ፤ በስልክ አትስማ። ውሸቱ ግን የእኔ ነው። እሱን እኔው እነግራታለሁ።»

እንዳለው ሆነ። አባቱ፣ እኚያ የማያውቁን ሼህ፣ ከቄሱና ከእድርተኞቹ ጋር ጎህ ሲቀድ እናቴ ደጃፍ ቆሙ። ረፋድ ላይ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«የቀበረውን ልጅ ስጪኝ።»

ስልኩን ሰጠሁት። 

«እማማ... ሁለት ወር የደበቅኩት እኔ ነኝ። በልጅዎ ስም ለእህቱ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

 ከዚያ የእናቴን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው።

«አስቀይመኸኛል። ሁለት ወር ሳላለቅስለት አስቀረኸኝ... ግን ልጄን አዝለኸዋል። እኔ ያዘልኩትን ልጅ አንተ መጨረሻ ላይ አዘልክልኝ። እጅህ ይባረክ!»

ሙስጠፋ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እኔም መጀመሪያ የወደድኩት ያን ጊዜ ይመስለኛል። ለራሴ ግን አላመንኩም።

ከዚያ ወራት አለፉ። እኔ ከነጃት ጋር ሰው ቤት በቀን እየሠራሁ ቆየሁ። ሙስጠፋ በየሳምንቱ ይደውላል፤ በድምፁ። አንድ ቀን «መቃብሩን ማየት እፈልጋለሁ» አልኩት። ከነጃት ጋር በአንድ የሀገሬ ሰው ፒካፕ ሄድን። ሙስጠፋ መንገዱ ዳር ጠብቆን በእግር ወጣን። መቃብሩ ዙሪያውን በድንጋይ ተከቧል፤ ንጹሕ ነው። ነጃት ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«አበቡ... የወንድምሽን ሞት ደብቄሻለሁ። ይሄን ግን መደበቅ አልችልም። እወድሻለሁ።»

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን ተቆጣ።

«ሰው ምን ይላል? በሐዘኗ ገባባት ይላሉ። ሃይማኖቷን ሊያስቀይራት ነው ይላሉ። እወቀው፣ ማተቤን አልበጥስም! አንዴ ስሜን ቀይሬ ኖሬያለሁ። ሁለተኛ አልቀይርም።»

«ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። «እኔ የወደድኩት አበቡን ነው። ኸዲጃን አላውቃትም። የእኔም አያት ክርስቲያን ነበረች፤ በማተቧ ተቀበረች።»

«አባትህስ?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ተቆጡ። አንድ ሳምንት አኮረፉኝ። ከዚያ "የመርዶውን ቀን አይቻታለሁ፣ እናቷ ሰው ናት፤ ልጇም ሰው ትሆናለች" አሉኝ።»

ሳቅኩ። ከማክሰኞው ወዲህ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እንግዲያው እዚህ ተደብቀን አንጋባም» አልኩት። «መደበቅ ኸላስ፣ በቃ! አገሬ፣ እናቴ ፊት ነው የማገባህ።»

ወረቀት ለሌለው ሰው የመመለሻው መንገድ አንድ ነው፤ እጅ መስጠት። ጂዛን ከተማ ድረስ ሄደን ፖሊስ ፊት ቀረብን። ፖሊሱ ግራ ገባው። «ሰው ከእኛ ይሸሻል። እናንተ ምን ሆናችሁ?»

«ወደ ሠርጋችን ነው የምንሄደው» አልኩት።

ሴትና ወንድ ለየብቻ እስር ቤት ገባን። ሰባት ሳምንት ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም። ክፍሉ ይጠብባል፤ አንዳንዷ ስሟ እስኪጠራ ስትጠብቅ ውላ ታለቅሳለች። «ጥሎሽ ሄዷል» ያሉኝም ነበሩ። «አይሄድም» አልኳቸው። እያንዳንዱን ሌሊት እንደዚያ እያልኩ አነጋሁት።

አዲስ አበባ ስደርስ፣ የተመላሾች መውጫ ላይ፣ ከሰዉ ሁሉ በላይ ረዝሞ ቆሟል። ከሳስቷል። ከእኔ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ገብቶ፣ በመጣው አውሮፕላን ሁሉ እዚያው እየተመላለሰ ሲጠብቀኝ ነበር።

«አባትህ ጋ ለምን አልሄድክም?»

«ብቻዬን ምን ብዬ?» አለና ፌስታሌን ተቀበለኝ። «ነይ፣ እናታችን እየጠበቀች ነው።»

የሞላልኝን ሙት ዓመት በኅዳር አወጣን። ቄሱም ሼሁም አንድ ዳስ ውስጥ ተቀመጡ። በጥር ተጋባን። ያኮረፈ ዘመድ አለ፤ ሠርጉ ላይ ያልተገኘም አለ። እናቴ ግን ሙሽራውን እጁን ይዛ፣ ደጃፏ ላይ፣ ለሰው ሁሉ እየጮኸች አስተዋወቀችው።

«ልጄ ነው! የሚያኮርፍ ያኩርፍ... ልጄ ነው!»