ላላ ብለው የታሰሩ ብሎኖች

ኦታቪዮ ብሪቪዮን ከጀልባው ሲያወርዱት የራስ ቁሩ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ከቁሩ በታች ግን አንገቱ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር። የቆረጠው የገዛ ጀልባው የፊት መስታወት ነው። ለእሑዱ ውድድር ሊሞክራት ከሰዓት ወጥቶ፣ ነፋሱ ባነሳው ማዕበል ላይ ጀልባዋ አፍንጫዋን ደፍታ ስትነሳ መስታወቱ ወደ ውስጥ ፈረሰበት። አልተገለበጠችም፤ ሞተሮቿም አልጠፉም።

በማግስቱ መርማሪ ኒቬስ ፔድራቲ ከኮሞ ተጠርታ ብሪቪዮዎች ጀልባ ወደሚሠሩበት ግቢ መጣች። ስብርባሪው ሸራ ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። መስታወት ይሉታል እንጂ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ በመዶሻ ቢመቱት አይበገርም። ኒቬስን የከነከናትም ይኸው ነበር። መዶሻ ያልበገረውን ፕላስቲክ ውኃ እንዴት ሰበረው?

ገና ሳትጠይቅ መልስ የሚሰጣት ሰው አገኘች።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለቻት ኦርኔላ ካሲና፣ የጀልባ መስታወት ጠጋኟ። «ከግርጌ ጥጉ ተሰንጥቆ ነበር። አዲስ ይገዛ ማለት ሲገባኝ ጠገንኩት። ጥገናው አልያዘም። እንዲህ ብለው ይጻፉት።»

«እንዴት ነው የጠገንሽው?»

«የስንጥቁ ጫፍ ላይ ክብ ቀዳዳ በሳሁ። ስንጥቅ ክብ ነገር ሲያገኝ ይቆማል። ከዚያ ከውስጥ በኩል ልጥፍ ለጠፍኩበት።»

«ከዚያ በኋላስ ማን ነካው?»

«ማንም» አለች ፈጥና። «እኔ ከሄድኩ በኋላ ማንም አልነካውም።»

ኒቬስ ቀና ብላ አየቻት። ጥፋቱን ከላዩ የሚያራግፍ ሰው ብዙ ታውቃለች፤ ለመሸከም የሚሽቀዳደም ግን እምብዛም አልገጠማትም። ደግሞስ የሄደ ሰው ከሄደ በኋላ የሆነውን በምን ያውቃል?

የሟቹ አባት ጋውዴንሲዮ ሞተሮቹ አጠገብ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። የግቢው መካኒክ እሱ ነው።

«ስለ ልጅዎ አዝናለሁ፣ ሲኞር ብሪቪዮ።»

«ሐዘንሽን ለእናቱ አቆዪላት። እኔ የምፈልገው ያቺ ሴት እንድትታሰር ነው። የሰው ነፍስ እንደ ተሰበረ ሰሃን ይለጣጠፋል?»

«ጀልባዋ ከመውጣቷ በፊት የፈተሿት እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ማን ሊፈትሽ? እዚያች ጀልባ ላይ በእጄ ያላለፈ ብሎን የለም። የነዚህ ሞተሮች ነውጥ እንኳን ብሎን ጥርስ ያላላል።» ከደረት ኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። ውስጡ ሰማያዊ ማጣበቂያ ነበር። «ከዚህ አንዲት ጠብታ ሳላቀምስ ያሰርኩት ብሎን ብታገኚ ጢሜን ላጪኝ።»

ቴሲዮ፣ ኦታቪዮ መሪውን ሲይዝ አጠገቡ ተቀምጦ ለሞተሮቹ ነዳጅ የሚሰጠው ጓደኛው፣ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ የግቢው አጥር ላይ ተደግፎ ነበር።

«ሽማግሌው ጠብታዋን አሳየሽ?» አላት። «ቡናው ውስጥም ሳይጨምራት አይቀርም።»

«ከኦርኔላ ጋር እንዴት ናቸው?»

«ድመትና ውሻ። ልትጠግን የመጣች ቀን ስለ ብሎን አንድ ነገር ልትነግረው ጀመረች። ‹አንቺ ደግሞ ለኔ ስለ ብሎን! እዚያው መስታወትሽን ወልውዪ› አላት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።» ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። «ከዚያ ወዲህ እሱ ባለበት አፏን አትከፍትም። ትናንት ጠዋት እንኳ የረሳችውን መሰርሰሪያ ልትወስድ መጥታ፣ እሱን ስታየው በሩ ላይ ጥቂት ቆማ ሳትገባ ተመለሰች።»

«እሱ ምን ይሠራ ነበር?»

«ብሎን ያጠብቅ ነበራ። ሌላ ሥራ አለው እንዴ?»

ኒቬስ ሸራው አጠገብ ተንበርክካ ስብርባሪውን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር አየች። ከዚያ ስለ ፕላስቲክ የሚያውቅ ባለሙያ ዘንድ ደወለችና ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ሲበቃት ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«ከጥገናው እንጀምር» አለች አንድ ስባሪ አንስታ። «የኦርኔላ ቀዳዳ ይኸው። ስንጥቁ እዚህ ደርሶ ቆሟል፤ ልጥፉም አልለቀቀም። መስታወቱ የተሰበረው ከዚህ አይደለም።»

«ተሳስተዋል፣ እኔ ነኝ…» አለች ኦርኔላ።

«ጥገናሽ እንደያዘ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? እያወቅሽ ነው የዋሸሽኝ። ወደዚያ እመለሳለሁ።» ሌላ ስባሪ አነሳች። «ስብራቱ ሁሉ የሚነሳው ከላይ፣ በነጂው ወገን፣ ከብሎኖቹ ቀዳዳ ነው። በየቀዳዳው ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ውስጡ ደግሞ ሰማያዊ ነገር ደርቋል። ይህ ማጣበቂያ ብረት ያስራል፤ ይህን ፕላስቲክ ግን ይበላዋል፤ ተጠብቆ የተወጠረ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ። ቀሪውን ማዕበሉ ጨረሰው።»

ጋውዴንሲዮ እጁን በጨርቁ መጥረጉን አቆመ።

«ከየብሎኑ ሥር ቀለበት መሳይ የጎማ ሮንዴላ ነበር» አለች ኒቬስ። «ኦርኔላ እሱን ያስገባችውና ብሎኖቹን ላላ አድርጋ ያሰረችው ፕላስቲኩ ፀሐይ ሲመታው መላወሻ እንዲያገኝ ነው። አሁን ሁሉም ተጨፍልቀዋል።»

«ላልተው ነበር» አለ ሽማግሌው። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «በጣት ይዞሩ ነበር። ሳታጠብቃቸው ረስታ ሄደች ብዬ… ልጄ እኮ ነው ከኋላው የሚቀመጠው።»

ኒቬስ ወደ ኦርኔላ ዞረች።

«አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ጠርሙሱን አይተሻል። ጥፋቱን የወሰድሽው እሱን ለመሸፈን ብቻ አልመሰለኝም።»

«አይደለም» አለች ኦርኔላ። «ማጣበቂያው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። በዚያው ቀን ይወጣሉ ብዬ አላሰብኩም። ግቢ ውስጥ እንደቆመች ይሰነጠቃል፣ ያን ጊዜ የሳቁብኝ ሰዎች ፊት መጥቶ ይለምነኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንዲሰነጠቅ ፈልጌ ነበር።»

ቴሲዮ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ጋውዴንሲዮ ግን እሷን ትክ ብሎ አያት።

«ለምን አልጮኽሽብኝም?»

«ይስቁብኝ ነበር።»

«አዎ፣ ይስቁብሽ ነበር። የማስቃቸውም እኔ ነበርኩ» አለ። «ቢሆንም በጮኽሽብኝ።»

ኒቬስ ለዐቃቤ ሕጉ ያየችውን ሁሉ፣ ጠብታውንም ዝምታውንም፣ እንደምትጽፍ ነገረቻቸው። ሁለቱ ግን የሰሟት አይመስሉም ነበር።

«ለእናቱ፣ ለአማቢሌ፣ ምን እላታለሁ?» አለ ሽማግሌው። «ጎረቤት እየሰማ አንቺን ስትረግም ነው ያደረችው። እንድትረግምሽ ያደረግሁ እኔ ነኝ።»

«አብሬዎት እመጣለሁ።»

«ታባርርሻለች።»

«ታባርረኝ። እርስዎ ግን ብቻዎን አይነግሯትም።»

ቤቱ ከግቢው በላይ ነው፤ የሚወጣበት የድንጋይ ደረጃ ጠባብ ቢሆንም ሁለቱ ጎን ለጎን ወጡ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ከላይ መስኮት ተከፈተና ጥቁር የለበሰች ሴት ብቅ አለች። ባሏን አየች፤ ከባሏ ጎን ያለችውን አየች፤ ደግማ የባሏን ፊት አየች። ከዚያ መስኮቱን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ጋውዴንሲዮ ቆመ። ኦርኔላ ክንዱን ያዘችውና የቀረውን ደረጃ አወጣችው።