ከቢተው ኋላ የቆመው

ተረት ነው የሚል ካለ ከዚህ ይመለስ። እኔ የማወራው የሆነውን ነው።

ዘመኑ 1930 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን የያዘበት። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ገበያ መሐል... በጠራራ ፀሐይ።

አንድ ጣሊያን ነበረ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መንገድ ለመንገድ የሚዞር። እንስራ ያዘለች ሴት፣ ጨው የሚያማርጥ ገበሬ፣ ጭነት ያጎበጠው አህያ... ያየውን ሁሉ ያነሳል።

ሰው ጨዋታ መሰለው።

ጨዋታ አልነበረም። ፎቶግራፉ ታጥቦ ሲያበቃ አስተርጓሚው ቢተው ይጠራል። ቢተውም ያገሩን ሰው ፊት በጣቱ እየነካ «ይኼ ሸፍቷል፣ ይኼ ስንቅ ያቀብላል» ይላል። የተነካ ሰው አያድርም።

ታረቀኝ የሚባል ወጣትም አላደረም። ቢተው ራሱ ከከተማ ውጭ ወስዶ ሰቀለውና ሬሳውን ገደል ሰደደው።

መንትያ እህቱ ያለምወርቅ የጣሊያኑ ውሃ ቀጂ ነበረች። ፎቶግራፍ የምታለቀልቀውም እሷ ናት። የወንድሟን ፊት በገዛ እጇ አለቅልቃ አስረክባለች። ለምን እንደሚፈለግ አላወቀችም... የሚያቃጥለው ይኼ ነው።

ሬሳ ሲጠፋ የሟች ልብስ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይለቀስለታል። አክስቷ ወለተ ጊዮርጊስ ልብሱን አውጥተው ዘረጉ።

«ነይ ልጄ፣ እናልቅስለትና ይረፍ።»

«ደሙ ሳይመለስ አላለቅስም።»

«ሙት ካልሸኙት አይሄድም፣ ያለምወርቅ...»

«አይሂድ!»

ልብሱን ካልጋው ላይ ሰብስባ ወጣች።

ቅዳሜ ራሷን ተላጨች። የወንድሟን እጀ ጠባብና ጋቢ ለበሰች። ገበያ ላይ ከቢተው ኋላ፣ በስተቀኝ፣ ባዶ እጇን ቆመች።

ካሜራው ቀጭ አለ... እሷም በሰው መሐል ሾልካ ጠፋች።

ሰኞ ጠዋት ጣሊያኑ ፎቶግራፉን አየና ጣቱን ጫነበት።

«ይህ ማን?»

ቢተውን ላብ አጠመቀው።

«ታረቀኝ... ጌታዬ፣ እኔ ራሴ ነኝ የሰቀልኩት!»

«ሙት ገበያ ይወጣል? አንተ ውሸታም!»

ወታደሮች ገቡ። ቢተው እየተጎተተ ሲያልፍ ያለምወርቅ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ዓይን ዓይኑን አየችው። ከግቢው ጀርባ ጥይት ጮኸ።

አንጀቷ ራሰ። እንዲያ ያለ ደስታ አይታ አታውቅም።

ከዚያ ልታቃጥለው ፎቶግራፉን አነሳች...

እሷ በስተቀኝ ቆማለች፣ ፊቷን ጋቢው ከልሎታል።

የጣሊያኑ ጣት አሻራ ያለው ግን በስተግራ ነው።

በስተግራ ሌላ ሰው አለ።

ታረቀኝ ነው።

ደረቱ ባዶ ነው። ልብሱ እሷ ላይ ነዋ...

አንገቱ ላይ ጥቁር ነገር ይታያል። እድፍ መሰላት። ውሃ ውስጥ ነክራ አሸችው።

ጭራሽ ጠራ።

ገመድ ነው። ታረቀኝ ቢተውን አያይም፤ እሷን ነው የሚያየው። አፉ ተከፍቷል፣ እንደሚለምን ሰው።

ገመዱን በጣቷ ተከተለችው... በቢተው ጀርባ አልፎ፣ በጋቢው ሥር ገብቶ...

ጫፉ በእሷ ጭብጥ ውስጥ ነው።