የተረከዙ ደም

መርማሪው ሲደርስ በሰባት ወሩ የተወለደው ሕፃን ሕይወቱ አልፎ፣ በማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ በነጭ ፎጣ ተሸፍኖ ነበር። መዝገቡ ላይ የጠዋቱ ሦስት የስኳር ልኬቶች ሰፍረዋል፤ ሦስቱም ከሦስት መቶ በላይ። ሐኪሙ ስኳሩን ለማውረድ ኢንሱሊን አዟል፤ የለካችውም የሰጠችውም አዲሷ ነርስ ናት። ሆስፒታሉ በሙሉ ‹ኢንሱሊን አብዝታ ገደለችው› ብሎ ጣቱን እሷ ላይ ቀስሯል። ሳይመሽ ልትታሰር ነው።

«ከታዘዘው አላበዛሁም» አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

«ለስኳር ልኬቱ ተረከዙን ከመውጋትሽ በፊት ምን ይደረጋል?» አላት መርማሪው።

«ደም እንዲመጣ እግሩ በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። ከዚያ ተረከዙን በአልኮል ጠርጌ እወጋለሁ።»

«ጨርቁን የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ?»

«እቴቴ ናት። ‹እጅሽ ይቀዘቅዛል፣ ለኔ ተይው› ትለኛለች።»

እቴቴ የክፍሉ አንጋፋ ነርስ ናት። ስለ ወጣቷ ስትጠየቅ ፊቷ ጠቆረ።

«ጎበዝ ናት አሉ። እናትየው እንኳ ‹ልጄን እሷ ትያዝልኝ› ብላ ሐኪሙን ለምናለች። እኛማ ጊዜያችን አልፏል!»

መርማሪው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። በዚያው ሳምንት አለቃው ወጣት ባልደረባውን ሲያሞግስበት ምሳው አልዋጥ ብሎት ነበር። ወደ ቆሻሻ ልብስ ቅርጫቱ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙን፣ ሁለቱን ነርሶችና እናትየውን አንድ ክፍል ሰበሰባቸው።

«ኢንሱሊኑ ከመሰጠቱ በፊት ከሕፃኑ ክንድ ደም ተቀድቶ ላቦራቶሪ ሄዷል። ዶክተር፣ እርስዎ ውጤቱን አልጠበቁም። ስልሳ ስምንት ነበር፤ ጤነኛ።»

ሐኪሙ አቀረቀረ።

«የክንዱና የእግሩ ደም አንድ ነው። ስለዚህ ስኳሩ የነበረው ደሙ ውስጥ ሳይሆን ቆዳው ላይ ነው። አልኮል ደግሞ ስኳርን ሙልጭ አድርጎ አያነሳም። ይኸው የእግሩ ጨርቅ፤ ደርቆ ተገትሯል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል። በግሉኮስ ተነክሯል። ኢንሱሊኑ የሕፃኑን ስኳር ሲያሟጥጠው እንኳ መሣሪያው ከፍተኛ ነው ማለቱን ቀጠለ። ጨርቁን ያዘጋጀችው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናት።»

እቴቴ ወንበሩን ጨምድዳ ያዘች።

«ልኬቷ ከላቦራቶሪው ሲለይባት መለካት አትችልም ተብላ ትነሳልኛለች ብዬ ነው! ዶክተር ውጤቱን ሳይጠብቁ ኢንሱሊን ያዛሉ ብዬ መች አሰብኩ! ሲያዙ ደግሞ... ጨርቁን መንከር ባቆም ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ቅናት አንገበገበኝ፤ ሁሉም እሷን፣ ሁሉም እሷን!»

እናትየው ወደ እቴቴ ዞረች።

«ሲስተር» አለች ቀስ ብላ፣ «እሷ ትያዝልኝ ያልኩት እግርዎ አብጦ አይቼ ነው። ትንሽ ይረፉ ብዬ።»