ባለፈው ወር አሥራ አንድ ጊዜ

«ስለ መብራት ከጠየቁ፣ አይጠፋም በያቸው» አለ የፋብሪካው ባለቤት፣ የክራቫቱን ቋጠሮ እያስተካከለ። «ሌላውን እንዳለ ተርጉሚ። እሱን ብቻ አደራ።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ነው የመጣችው። ከአንድ ሰዓት በፊት ሂሳብ እየተማረች ሳለ ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ጠሯት። ለእንግዶቹ እንዲያስተረጉም የተቀጠረው ሰው መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽታበታለች፤ እንግዶቹ ግን ቀድመው ደርሰዋል። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ሲፈለግ የሁሉም ጣት ወደ እሷ ጠቆመ። ሰፈር ውስጥ «ራዲዮ» ነው የሚሏት፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ ዝም ብላ አታውቅም።

እንግዶቹ ሦስት ናቸው። ባሕር ማዶ ትልቅ የጨርቅ ኩባንያ አላቸው። አሁን ከዚህ ማቅለሚያ ፋብሪካ ጎን፣ ከባለቤቱ ጋር በሽርክና፣ አዲስ ፋብሪካ ይክፈቱ ወይስ አይክፈቱ ሊወስኑ ነው የመጡት። ስምንት መቶ ሰው ይቀጥራሉ ተብሎ ከተማው በወሬ ከተናጠ ወር አልፎታል። የራዲዮ ታላቅ ወንድም በጨርቃጨርቅ ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። ለሥራው ምዝገባ የተጀመረ ቀን ገና ሳይነጋ ወጥቶ ተሰለፈና አራተኛ ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ሸሚዙን ራሱ መተኮስ ጀምሯል።

በስብሰባው ክፍል ባለቤቱ ብዙ ተናገረ። መሬቱ በነጻ ነው፣ ለአሥር ዓመት ግብር የለም፣ ሠራተኛው ብዙ ነው፣ ደመወዙም አነስተኛ። ራዲዮ ቃል በቃል እየተከተለች ተረጎመች። ከእንግዶቹ አለቃ የምትመስለው ፀጉሯ የሸበተ አጭር መሐንዲስ ናት። እስክሪብቶዋን ይዛለች፤ እስካሁን ግን አንዲት ነገር አልጻፈችም።

«እናመሰግናለን» አለች በመጨረሻ። «በዚህ ወር ሦስት ከተሞች አይተናል። ሦስቱም መሬት በነጻ እንሰጣለን ብለዋል። የግብር እፎይታ ደግሞ ዓመቱ ሲሞላ ያልቃል። ፋብሪካ ድንኳን አይደለም፣ አልመቸንም ብለን ነቅለን አንሄድም። ስለዚህ እኔ ማየት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ዕቃው በቀኑ ወደብ ይደርሳል ወይ? ዛሬ የተዋዋልነው ነገ ይጸናል ወይ? ነገር የተበላሸ ዕለት ደግሞ ማን ነው የሚያቃናው?»

ራዲዮ ተረጎመች። ባለቤቱ ላቡን ጠረገና «እንግዲያው ሥራውን እናሳያቸው» አለ።

ማቅለሚያው አዳራሽ ይሞቃል። ስድስት ረጃጅም ገንዳዎች በተርታ ቆመዋል፤ በያንዳንዱ ላይ ጨርቁ በድቡልቡል ብረት ላይ እየዞረ ቀለሙ ውስጥ ይጠልቃል፣ ይወጣል። ከሦስተኛው ገንዳ አጠገብ የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ የቆመው አባቷ ነው። የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ባለሙያ እሱ ብቻ ነው፤ ሠራተኞቹ «ጋሼ ፊውዝ» ይሉታል። ልጁን ከእንግዶቹ ጋር ሲያይ ደነገጠ፤ ከዚያ ሳቁን ለመደበቅ ጢሙን ዳበሰ።

መሐንዲሷ ከገንዳው ጎን ተበይዶ ያለውን ነገር አየችና ጎንበስ አለች። የብስክሌት ፔዳል ነው። ስድስቱም ገንዳዎች ላይ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች። «ማነው የሠራው?»

ራዲዮ ስትተረጉም፣ ባለቤቱ አፉን ሳይከፍት ሠራተኞቹ ሁሉ ወደ ጋሼ ፊውዝ አዩ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቷ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እንግዲህ መብራት ሲሄድ ብረቱ መዞሩን ያቆማል። ጨርቁ በአንድ ቦታ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከተኛ ቀለሙ ይዥጎረጎራል፣ አለቀለት። ባለፈው ወር አሥራ አንድ ጊዜ ጠፍቷል። ስለዚህ እኔ ጄኔሬተሩን እስካስነሳ እነሱ በፔዳሉ በእጅ ያዞሩታል። ሁሉም ማሽን እኩል ልነሳ ካለ ደግሞ ጄኔሬተሩ ይተኛል፤ ለዚያ ነው ቁጥር የሰጠኋቸው፣ በተራ ይነሳሉ። ሁለት ዓመት ሆነን፣ አንድ ጥቅል ጨርቅ አልተበላሸብንም።»

ይህን ብሎ ወደ ልጁ ዞረ። ተራው የሷ ነው።

ባለቤቱ ከመሐንዲሷ ጀርባ ሆኖ ትክ ብሎ ያያታል። ራዲዮ የወንድሟን የተተኮሰ ሸሚዝ አሰበች። ስምንት መቶ ሰው አሰበች። አባቷ እንደሆን እንግሊዝኛ አያውቅም።

«ለጥንቃቄ ብሎ የሠራው ነው ይላል» አለች በእንግሊዝኛ። «እዚህ መብራት አይጠፋም።»

መሐንዲሷ አባትየውን አየች፣ ከዚያ ልጅቷን።

«እሱ አንድ ደቂቃ ያህል ተናገረ» አለች ረጋ ብላ። «አንቺ የነገርሽኝ ሁለት መስመር ነው። የቀረውስ?»

የራዲዮ ጆሮ ጋለ። አባቷን ቀና ብላ አየችው። ቃሉ እንደደረሰለት አምኖ፣ አገጩን ትንሽ ከፍ አድርጎ ቆሟል። ከውድቅዳቂ ብስክሌት ያወጣቸውን ፔዳሎች እሁድ እሁድ ግቢ ውስጥ ዝገታቸውን ሲፍቅ ታስታውሳለች። እናቷ «ደግሞ ቆርቆሮ ሰብሳቢ ሆንክልኝ?» ስትለው ይስቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጥቅል አልተበላሸም። ይህንን ነው እሷ በሁለት መስመር የቀበረችው።

«ይቅርታ» አለች። «አሳስቻለሁ። ያለው እንዲህ ነው።»

ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። አሥራ አንዱን ጊዜ፣ አሥሩን ደቂቃ፣ ቁጥሮቹን፣ ተራውን። «ይዥጎረጎራል» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ጠፋባትና የነብር ቆዳ ይመስላል ብላ አስረዳች። ባለቤቱ እንግሊዝኛው ባይገባውም ከንግግሩ ርዝመት ነገሩን ተረዳ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መሐንዲሷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ጻፈች። «አሁን ሊያጠፋው ይችላል?» አለች።

ራዲዮ ስትተረጉም ባለቤቱ «ኧረ ስድስቱም ገንዳ ሥራ ላይ ነው» ማለት ጀመረ። አባቷ ግን ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ነበር። «ልጆች፣ እንደ ሁልጊዜው» አለ። ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበው።

ጩኸቱ ሁሉ ባንዴ ረጭ አለ። አንዲት ሠራተኛ «አንድ ያዝኩ» አለች፤ ሌላው «ሁለት»፣ ሌላው «ሦስት»፣ እስከ ስድስት። ፔዳሎቹ መዞር ጀመሩ። ማንም አልተሯሯጠም። ጋሼ ፊውዝ በጓሮ በር ወጣ፤ ቆየት ብሎ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሳ። ተመልሶ ገባና ጣቱን እያነሳ ጠራ፤ «አንድ!» አንደኛው ማሽን ተነሳ። ዝም ብሎ ጄኔሬተሩን አዳመጠ፤ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ። «ሁለት!»

ስድስተኛው ሲነሳ መሐንዲሷ ሰዓቷን አየች። አምስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። የወጣውን ጨርቅ ራሷ ሁለት ክንድ ያህል ዘርግታ በመስኮቱ ብርሃን መረመረችው። ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው። ባልደረቦቿም መጥተው ዳሰሱት።

«ከመምጣታችን በፊት የመብራቱን መዝገብ አንብበናል» አለች፣ ጨርቁን እያጠፈች። «በየከተማው ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ እናውቃለን። ሦስቱም ቦታ አይጠፋም ብለውናል። እዚህም ያንን ብቻ ሰምተን ልንመለስ ትንሽ ቀርቶን ነበር።» ራዲዮን አየቻት፤ ዓይኗ ግን ቁጣ አልነበረበትም። «ዛሬ አንወስንም። ከወር በኋላ የኃይል መሐንዲሶቻችን መጥተው አዲስ መስመር ስለመዘርጋት ከከተማው ጋር ይነጋገራሉ። ያ ከተሳካ እንጀምራለን። ለዚህ ሰው ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። ለእኛ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ከነጻ መሬት ይበልጣል።»

ራዲዮ ይህንን ቃል በቃል ተረጎመች። ሠራተኞቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አንዷ «እሰይ የኛ ፊውዝ» ብላ አፏን በመዳፏ ያዘች። አባቷ ጎንበስ ብሎ የቦርሳውን ዚፕ ዘጋ፣ ከፈተ፣ እንደገና ዘጋ።

እንግዶቹ ሲወጡ ባለቤቱ ወደ ኋላ ቀረት አለ።

«ጋሼ ፊውዝ፣ እነዚያን ፔዳሎች ቁረጥና ጣል ያልኩህ ስንት ጊዜ ነው?»

«ሦስት ጊዜ» አለ አባቷ።

«እንኳንም አልሰማኸኝ።» ባለቤቱ ወደ ራዲዮ ዞረ፤ የሚለው ነገር ያለው ይመስል ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ እንግዶቹን ተከተለ።

ወደ ቤት በእግር ሄዱ። አባቷ በሌላ ቀን ድካም የሚጫነው ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ደረቱን ነፍቶ መንገዱን ሞልቶት ይሄዳል። ሱቁ ጋ ሲደርሱ ሳሙና ሊገዛ ቆመ፤ ሳሙናውን ግን ረሳው።

«ልጄ ዛሬ ምን እንደሠራች ሰምተሃል?» አለ ለባለሱቁ። «እዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው ፊት ቆማ ቃሌን አንዲት ጠብታ ሳታፈስ አደረሰችልኝ። እኔ እኮ የሠራሁት ፔዳል ነው። ያሰማችልኝ እሷ ናት።»

ባለሱቁ «ራዲዮ መሆኗ ለካ ለዚህ ነው» ብሎ ሳቀ። ራዲዮም ለመሳቅ ሞከረች።

ጫማ አዳሹም ጋ ያንኑ ተናገረ። የታችኛው ሰፈር መምህርትንም መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ያንኑ ደገመ። በያንዳንዱ ጊዜ «አንዲት ጠብታ ሳታፈስ» ይላል፤ በያንዳንዱም ጊዜ ልጅቷ ጫማዋን ታያለች። እሷ ካልነገረችው ማንም አይነግረውም። ባለቤቱ ቃል አይተነፍስም፤ መሐንዲሷ ነገ ጠዋት ትሄዳለች። ነገሩ አልፏል፣ እውነቱም ተነግሯል፣ የተጎዳ ሰው የለም።

የግቢያቸው በር ላይ ደረሱ። ከውስጥ የወንድሟ ድምፅ ይሰማል፤ እናቷን «መጡ እንዴ? ምን አሉ?» እያለ ይጠይቃል። አባቷ በሩን ሊገፋ እጁን ዘረጋ።

«አባዬ» አለች። «ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልንገርህ።»

ዞሮ አያት። ፊቷን ሲያይ ፈገግታውን ሰበሰበና ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ አጠገቡም ቦታ ለቀቀላት።

ራዲዮ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያለችውን ያንን አጭር ነገር፣ እዚያ እንዳለችው፣ በእንግሊዝኛ ደገመችው። ከዚያ አንድ ቃል ሳታስቀር ተረጎመችለት።