አንድ ሹራብ ለሦስት ፎቅ

«አውልቂው እንግዲህ» አላት አባቷ።

ልጅቷ የሹራቧን ጫፍ በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚያዩት እሷን ነው፤ አባቷ፣ ማሽን ሻጩ፣ በሩ አጠገብ የቆመችው የሻጩ ልጅ። ሌላ ሰው ሹራብ ሲያወልቅ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? የእሷ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህቺ ልጅ በዕድሜዋ ገና ታዳጊ ብትሆንም በብርድ ነገር አሮጊት ናት። ሰፈሩ በሸሚዝ ሲንጎራደድ እሷ እስከ አንገቷ ተቆላልፋ ትወጣለች፤ ስለዚህ ስሟ ቀርቶ «ብርዴ» ተባለች። አባቷም «ብርዴ ሹራቧን ካወለቀች ቤቱ ሞቋል ማለት ነው» ማለት ልማዱ ሆነ። እቤት ውስጥ ሲሆን ያስቃል። አሁን ግን ለባለ ሦስት ፎቅ የንግድ ሕንፃው ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሊመርጥ እሷኑ ይዞ መጣ። ሰውየው ያን ሁሉ ፎቅ ሠርቶ የሙቀት መለኪያ መግዛት ከብዶት መሆኑ ነው።

ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው ለየክፍሉ ትንንሽ ኤሲ ገጥሞ ሪሞቱን ለተከራዩ መስጠት ነው። ሁለተኛው ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ማሽን ነው፤ በብርድ ሞቃት አየር፣ በሙቀት ቀዝቃዛ አየር በቱቦ ለሁሉም ክፍል ያድላል። የትልቁ መቆጣጠሪያ አንድ ብቻ መሆኑ የአባቷን ልብ ወስዶታል። ተከራይ ሁሉ ሪሞት ይዞ ከሚያዝበት፣ ብቻውን ቢያዝ ይመርጣል።

ሻጩ የሚሠራበት ቢሮ የሚሞቀው በዚሁ ማሽን ስለሆነ «መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩት» ብሎ ነበር ያመጣቸው። ሴት ልጁ የብርዴ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ከቅጥነቷ የተነሳ «ቀጮ» ይሏታል። ትናንት ከትምህርት ቤት ሲወጡ ብርዴን ጥግ አስይዛ «ነገ ካልተሸጠለት አባዬን ከሥራ ያስወጡታል። ፕሊስ፣ በረደኝ ምናምን እያልሽ እንዳታካብጂ» ብላታለች።

መዋሸት አላስፈለገም። ብርዴ የእውነት ሞቋታል። በሰፊው መስኮት የረፋዷ ፀሐይ ትገባለች፤ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ተለጥፏል። ሹራቧን በአንገቷ አውጥታ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«በቃ» አለ አባቷ እጆቹን እያፋተገ። «ብርዴ ካወለቀች ምን ቀረኝ? ውሉን አምጣው።»

ሻጩ ሳቀና ወረቀቱን አወጣ። በዚህ መሃል ከጣሪያው ይመጣ የነበረው የአየር ድምፅ ቀጥ አለ።

«ጠፋ እንዴ?» አለ አባቷ።

«አረፈ እንጂ አልጠፋም፣ ጋሼ። ይሄ መቆጣጠሪያ ውስጡ መለኪያ አለው። ሞቋል ብሎ ሲያስብ ማሽኑን ራሱ ያቆመዋል።»

«ለዚህ ክፍል ብቻ?»

«ለሁሉም። አንድ ላይ ነው የሚሠራው።»

ብርዴ መቆጣጠሪያውን አየችው። ፀሐይዋ አናቱ ላይ አርፋበታለች። እሷም እሱም ፀሐይ ላይ ተገትረው፣ ስለ ሕንፃው ሁሉ «ሞቋል» እያሉ ነው። ዓይኗ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደ። እዚያ አንድ የተዘጋ በር አለ።

«ያኛውስ ምንድን ነው?» አለ አባቷ ዓይኗን ተከትሎ።

«መጋዘን ነው፤ ሰው አይቀመጥበትም» አለ ሻጩ። «አይደል እንዴ ልጄ?»

ቀጮ ወለሉን እያየች «አዎ፣ መጋዘን ነው» አለች።

ብርዴን ድንግጥ አደረጋት። ባለፈው ሳምንት ቀጮ የቤት ሥራ ሳትሠራ መጥታ አስተማሪው ሲቆጣት «አባዬን የምጠብቀው ቢሮው ኮሪደር ጫፍ ያለው የኋላ ክፍል ነው፤ ጣቴ ደርቆ እስክሪብቶ መያዝ አቃተኝ» ብላ ነበር። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ብርዴ ብቻ አልሳቀችም፤ ብርድ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለቻ።

የእነ ብርዴ ሕንፃ የኋላ ክፍል ደግሞ ልብስ ሰፊዋ እትዬ የሚሠሩበት ነው። በብርዱ ጊዜ ክር በመርፌ ለማስገባት ጣቶቻቸውን በትንፋሻቸው ያሞቃሉ። አባቷን «ወይ ይሙቅልኝ ወይ ልልቀቅ» ያሉትም እሳቸው ናቸው። ከለቀቁ ደግሞ ደንበኞቻቸውን ሁሉ ያጣሉ።

አባቷ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተ። ቀጮ ከሻጩ ጀርባ ሆና ራሷን በትንሹ ወዘወዘች፤ እንዳትናገሪ ማለቷ ነው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ብርዴ ዝም ብትል ዋሸች የሚላት የለም። አውልቂ ተባለች፣ አወለቀች፣ አለቀ።

«አባዬ» አለች ብርዴ። ወደ እሱ ጠጋ አለች። «አባዬ፣ ቆይ አትፈርም።»

«ምነው፣ በረደሽ?»

«እዚህ አልበረደኝም። እዚያ ሄጄ ልቁም።»

«መጋዘን ነው ተባልሽ እኮ። ከካርቶን ጋር ልታወሪ ነው?»

«የእኛ መጋዘን አይደለማ። እትዬ የሚቀመጡት ልክ እንደዚያው ጫፍ ላይ ነው።»

የአባቷ እጅ ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ ቀረ። ሻጩ «እሱ ክፍል እንኳ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

ብርዴ ሹራቧን ሳትይዝ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ከፀሐይዋ ስትርቅ ክንዷን ውርር አደረጋት። ወደ ኋላ አላየችም፤ ብታይ የቀጮን ፊት ታያለች፣ ፊቷን ካየች ደግሞ ትመለሳለች። ሰኞ አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ ምን እንደምትላት አታውቅም።

በሩ አልተቆለፈም። ገፋ ስታደርገው ቅዝቃዜው ፊቷን መታት። ውስጡ ጨልሟል። ግድግዳውን እየዳበሰች ማብሪያውን ፈለገች፤ አጣችው።

ከኋላዋ የጫማ ኮቴ መጣና በሩ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«በስተግራ ነው» አለች ቀጮ ቀስ ብላ። «ከወንበሬ በላይ።»