በቪንኮ ዝምታ የወደቀው አውሮፕላን

ሰው ላለማስቀየም ብለው ዝም የሚሉ ሰዎች ጨዋ ይባላሉ። ከነዚህ ጨዋዎች አንዱ ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ።

ከፕቱይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ እሑድ እሑድ በሬዲዮ የምንመራቸውን ትንንሽ አውሮፕላኖች እናበርራለን። የማኅበራችን ደንብ አንድ ነው፤ ማንም ሰው በራሱ ምርመራ ብቻ አያበርርም። ከክንፉ ኋላ እየታጠፈች አውሮፕላኑን የምታዞር መሪ አለች፤ እሷን ሌላ ሰው በጣቱ ይዞ ይነቀንቃታል። ጥብቅ ከሆነች ክንፉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ከላላች ግን በረራ የለም። የላላች መሪ ፍጥነት ሲጨምር ትርገፈገፋለች፤ አንዴ ከጀመራት ክንፉን ሳትገነጥል አትተውም።

የእኔን የሚመረምረው ቪንኮ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ወዳጄ፣ የልጄ የክርስትና አባት።

በዚያ እሑድ ይዤ የሄድኩት ወንድሜ ስሬችኮ ሳይጨርሰው ሞቶ የተወውን ነጭ አውሮፕላን ነበር። ሁለት ክረምት ደክሜበታለሁ። ሚስቱ ዛልካም ሲበር ልታየው መጥታለች።

ቪንኮ መሪዋን ነቀነቃት፤ ትንሽ ቆም አለና ጠመኔውን አነሳ።

«እንዴት ናት?» አልኩት።

«ያንተ ሥራ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ፣ አበልጄ! ይልቅ ዛልካን አታስጠብቃት!» አለና ክንፉ ላይ ምልክቱን አደረገ።

አውሮፕላኑ አምሮ ተነሣ። ዛልካ አጨበጨበች። ዝቅ አድርጌ በፍጥነት በፊታችን ላሳልፈው ስል ግን እንደ ተርብ የሚጮህ ድምፅ ሰማሁ። ክንፉ ተገነጠለ፤ አውሮፕላኑም ከሜዳው አጠገብ ባለው የዱባ እርሻ ውስጥ ወድቆ ብትንትኑ ወጣ። ዛልካ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ስብርባሪውን ስለቅም መሪዋን የሚስበው ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ሰፍቶ አገኘሁት። የእኔው ጥፋት ነው፤ አልክድም።

«አበልጄ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኩት።

ቪንኮ አቀርቅሮ፣ «ስነካት እኮ ላላ ብላ ነበር» አለ።

«ምን አልክ?»

«በዛልካ ፊት ላሳፍርህ አልፈለግሁም። መሪዋ ትችለዋለች ብዬ ነው።»

«የአምስት ደቂቃ ሥራ እኮ ነው! ወፈር ያለ ሽቦ አስገብቼ አጠብቃት ነበር!»

«ይኸው! እንዲህ እንደምትቆጣ ስለማውቅ ነዋ ዝም ያልኩት።»

ተካድኩ። ቃሉ ከባድ ነው፤ ሌላ ግን የለኝም። ሳያይ ቀርቶ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። እሱ ግን በጣቱ ዐውቆ ደህና ነው ብሎ ምልክት አደረገልኝ። የወንድሜን የመጨረሻ ሥራ ለአንድ ደቂቃ ሰላም ሲል ሠዋው።

እናንተም የወዳጃችሁን ሥራ እንድትመረምሩ ስትጠየቁ ያገኛችሁትን ተናገሩ። ማጠፊያው ከላላ፣ ሽቦው ከተወዛወዘ፣ ሰው ቢሰማም ባይሰማም ተናገሩት። እፍረት ያልፋል፤ የወደቀ ግን ወደቀ።

በወሩ ቪንኮ ቀዩን አውሮፕላኑን እንድመረምርለት አመጣልኝ። መሪዋን ያዝኩ።

«ላልታለች። አታበርረውም።»

«በሰው ፊት?» አለኝ ፊቱ ቀልቶ።

«በሰው ፊት።»

መኪናው ላይ ጭኖ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ አጥብቋት መጣ፤ ለምርመራ ግን አውሮፕላኑን ወደ ሌላ ሰው ወሰደው። አበረረው፤ በደህናም አሳረፈው። እኔን እስከ ዛሬ አያናግረኝም።